የጊዮርጊስ ሌሊት

ደብዳቤዬን አንብቦ ሲጨርስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን ይሆን?

ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤውን ለባጃጅ ነጂው ለቻላቸው ሰጥቼ፣ ባጃጁ ከገበያው ጥግ እስኪሰወር በር ላይ ቆሜ ካየሁ ወዲህ ከዚህ ጥያቄ በቀር ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ቀደደው? አጥፎ ኪሱ ከተተው? ለአባቱ አሳየ? ወዳጄ ሰውነት ሲናደድ አይቼው ስለማላውቅ ንዴቱን እንኳ በልቤ ልስለው አልቻልኩም። የሚታየኝ ዝምታው ብቻ ነው፤ ዝምታው ደግሞ ከንዴት ይብሳል። ዛሬ ዓርብ ነው። ከእሱ የመጣ አንድ ቃል የለም።

መልስ አልፈልግም ያልኩት እኔው ነኝ። ታዲያ ባጃጅ በጮኸ ቁጥር ለምን እነሣለሁ?

ሰውነት ዲያቆን ነው። ከከተማችን ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለው የጊዮርጊስ ደብር ያገለግላል፤ ባሕረ ሐሳብም፣ ማለት የበዓላቱንና የአጽዋማቱን ቀመር ያስተምራል። አባቱ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ የደብሩ አለቃ ናቸው። እኔ አዜብ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ፊንላንድ ተቀምጬ፣ እዚያው ተምሬ፣ እዚያው አግብቼ፣ እዚያው ፈትቼ፣ በርሜል የሚያህል ቴሌስኮፕ ይዤ የተመለስኩ፣ አክስቴ ጓዴ “ፈረንጅ” የምትለኝ ነኝ። ለምን እንደተመለስኩ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ የተለየ መልስ አግኝቷል። እውነተኛውን እኔም አላውቀውም።

ሥራዬ ሲናገሩት ቀላል ነው። ከሩቆቹ ፕላኔቶች ማዶ ሃውሜያ የምትባል ድንክ ፕላኔት አለች። ቅርጿ የእንቁላል ነው። ገጿ በረዶ ነው፤ በአንድ ጎኗ ግን ጠቆርና ቀላ ያለ ምልክት አላት ይባላል። አራት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በራሷ ላይ አንዴ ትዞራለች፤ ስትዞርም የምትመልሰው የፀሐይ ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል። ያን ከፍታና ዝቅታ ሌሊት ሙሉ በካሜራ እየለካን ፊቷ ብርሃንን እንዴት እንደሚመልስ እናጠናለን። ባልደረቦቼ ከፊንላንድ ይለካሉ። እኔ ከከተማው በላይ ካለው አምባ፣ ጣራዋ ከሚገለጥ የቆርቆሮ ጎጆ ሆኜ እለካለሁ።

ሰውነት ወደዚያች ጎጆ መጀመሪያ የመጣው ስለ ጨረቃ ነው። አዲስ ጨረቃ የምትወለድበትን ምሽት በቀመሩ አስልቶ “በዓይኔ ላረጋግጥ” አለኝ። አረጋገጠ። በማግሥቱም መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ቴሌስኮፑን ከእኔ ቀድሞ ያዘጋጅ ነበር። ቀይዋን መብራት በመዳፉ ከልሎ ከስክሪኑ ላይ ቁጥር ሲያነብልኝ፣ ብርሃኑ በጣቶቹ መካከል እየሾለከ ጉንጩ ላይ ያርፋል። እኔ ብዕሬን ይዤ እቀራለሁ።

“አልሰማሁህም፤ ድገመው።”

“ሰምተሻል። እያየሽኝ ስለሆነ ነው።”

ሳቄን ደብተሩ ውስጥ እደብቅ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ እንደ ተማሪ መሳቄ ያሳፍረኛል፤ ደግሞም ያስፈራኛል።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን፣ አንድ ምሽት ጣራውን ስንገልጥ፣ ድንገት ነገረኝ።

“አባቴ በወገዳ ከተማ በኩል የአንድ ካህን ልጅ አጭተውልኛል። ከፋሲካ በኋላ በተክሊል፣ ከዚያ ቅስና።”

“መልካም ነው” አልኩት።

“መልካም ነው?”

“ምን ልበል ታዲያ?”

“እንቢ በል፣ በይኝ። እኔ እንቢ ልል ነው።”

“ሰውነት፣ እኔ ፈት ነኝ። ፈት ያገባ ዲያቆን ቄስ እንደማይሆን ታውቃለህ።”

“ለሌላው የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?”

“አባትህስ? ዘመናቸውን ሙሉ…”

“አባቴን ለእኔ ተዪልኝ። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። እሺ በይኝ። አሁን አይደለም፤ እስከ ሆሳዕና አስቢበት። እሺ ካልሽኝ ከመቅደሱ ሳላዝን እወጣለሁ። ዝም ካልሽኝ ግን እያዘንኩ እገባለሁ።”

ጣራውን መግለጥ ቀጠልኩ። የፊንላንዱ የሥራ ውሌ ሐምሌ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ የት እንደምሆን አላውቅም። ሰው ያደገበትን መቅደስ ትቶልኝ ቢመጣና፣ እኔ አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ሻንጣዬን ብዘጋስ? ከዚያ ምሽት ጀምሮ ደስታዬና ፍርሃቴ አንድ አልጋ ላይ ማደር ጀመሩ።

* * *

መጋቢት ላይ ታይፎይድ ጣለኝ። አክስቴ ቤት ተኝቼ፣ አምባውን መውጣት ቀርቶ ግቢውን ማቋረጥ አቃተኝ። ሰውነት ስምንት ሌሊት ብቻውን ለካ። ሊጠይቀኝ አልመጣም፤ በጾም፣ ያውም የታጨ ዲያቆን፣ የፈት ቤት ሲመላለስ ቢታይ የሚወራው ይታወቃል። ሲጨርስ ምስሎቹን በፍላሽ፣ ሰዓቱን በደብተር አድርጎ በቻላቸው ላከልኝ። የጎጆዋ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ስለዚህ ሰዓቱን ከስልክ አይተን፣ ቀኑንም ጨምረን በእጅ እንጽፋለን፤ እስከዚያ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የእሱ ጽሕፈት እንደ ብራና ጽሑፍ የተስተካከለ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ “ተሻለሽ ወይ?” የምትል አንዲት መስመር አለች። እጄን ጽሕፈቱ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

ቁጥሮቹን ወደ ሥራው ሳስገባ ግን ነጥቦቹ ሁሉ ከባልደረቦቼ መስመር ግማሽ ሰዓት ፈቀቅ ብለው ተቀመጡ። ፕሮፌሰሬ በኢሜይል የጻፈልኝ ሦስት መስመር ነው፦ የስልክ ሰዓት ግማሽ ሰዓት አይሳሳትም፤ ይህ ሰው ወይ ተኝቷል ወይ ቁጥር ፈጥሯል፤ ሰውየውን ምን ያህል ታውቂዋለሽ?

ምን ያህል አውቀዋለሁ? ደብተሩን ገለጥኩ። “መጋቢት 23፣ ከሌሊቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት። ሰማዩ ጥርት ያለ” ይላል። መጋቢት ሃያ ሦስት ማታ በረዶ ጥሏል። አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ቆርቆሮው ሲደበደብ፣ ጆሮዬን በትራስ ይዤ ሰምቼዋለሁ። ጠዋት አክስቴ በረዶውን ከደጃፍ በአካፋ ስትዝቅ አይቻለሁ። ጥርት ያለ ሰማይ የት አገኘ?

ያን ምሽት የጻፍኩትን ደብዳቤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ምነው ባላስታወስኩት።

“ሰውነት፣ ደብተርህን አየሁት። መጋቢት 23 ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር ብለሃል። በዚያ ሌሊት በረዶ ጥሏል፤ ሰምቼዋለሁ። ሌሎቹም ሌሊቶች አልገጠሙም። ያላየኸውን አየሁ ብለህ የጻፍክልኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔን ለማስደሰት ከሆነ፣ ሐሰት ደስ አያሰኘኝም። ስምህን ከሥራው አውጥቼዋለሁ። የጠየቅኸኝንም ቃል በዚሁ ተወው። መልስ አልፈልግም። አዜብ።”

ፖስታውን ሳሽግ አላመነታሁም። አሁን ሳስበው የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ልቤ ውስጥ ከሐዘኑ ሥር፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው፣ እፎይ ያለ ነገር ነበር።

* * *

አክስቴ ጓዴ ለፋሲካ ጠላ የሚሆን ብቅል ግቢው ውስጥ አስጥታ ዶሮ ታባርራለች። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ የቀዘቀዘ አጥሚት እይዛለሁ እንጂ አልጠጣም።

“ጠጪው እንጂ! ወይስ አጥሚቱም ደብዳቤ ይጻፍለት?”

“ማን ነገረሽ እትዬ?”

“ቻላቸው ይዞት የሚዞር ነገር ምስጢር ነው? ይልቅ ያቺን ቆርቆሮ ከብቅሉ ላይ አንሺልኝ። ያ በረዶ ያበላሸብኝ ይበቃኛል። የመጀመሪያው ብቅል በሞላ ሻገተ።”

“የጊዮርጊስ ሌሊት የጣለው?”

አክስቴ እጇን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። “ንዳዱ አልለቀቀሽም እንዴ? የጊዮርጊስ ሌሊት ምን በረዶ አለ? እኔ ራሴ ሰዓታት ቆሜ አድሬያለሁ። ከዋክብቱ እንደዚህ ብቅል ተሰጥተው ነበር።”

“እትዬ፣ እኔ ሰምቻለሁ። ሃያ ሦስት ማታ ነው። አንቺም ጠዋት በአካፋ ስትዝቂ ነበር።”

“እሱማ ለተክለ ሃይማኖት አጥቢያ ነዋ!”

“ተክለ ሃይማኖት ሃያ አራት ነው።”

“ታዲያስ! ከመሸ ሃያ አራት ገባ። ማታ የማን ነው? የነገ ነው እንጂ! ቅዳሜ ማታ ‘ሰንበት ገባ’ አይደል የምንለው? የጊዮርጊስ ሌሊት ማለት ለጊዮርጊስ የሚነጋው ነው፤ ጊዮርጊስ ከዋለ በኋላ የሚመሸው አይደለም። አሥራ አራት ዓመት በረዶ አገር ተቀምጠሽ የሌሊቱን ባለቤት ረሳሽ?”

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አጥሚቱ ከእጄ ወርዶ ብቅሉ ላይ ሲፈስ፣ ስትጮህብኝም፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ ነው የሰማሁት።

ሰውነት የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ለእሱ ሌሊት ለሚነጋው ቀን ነው። “መጋቢት 23” ብሎ የጻፈው ሃያ ሁለት ማታ የጀመረውን ሌሊት ነው። እኔ እንደ ፈረንጆቹ አነበብኩት። ስምንቱንም ሌሊቶች አንድ አንድ ቀን ገፋኋቸው።

ክፍሌ ውስጥ ወዳለው ኮምፒውተሬ ሮጥኩ። ሃውሜያ ስድስት ጊዜ ዞራ ስትጨርስ ሃያ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አንድ ሙሉ ቀን ለመድረስ የሚቀረው ግማሽ ሰዓት ነው። ያ ግማሽ ሰዓት! ቀኖቹን አንድ አንድ መለስኳቸው። ስምንቱም ሌሊቶች ከባልደረቦቼ መስመር ላይ ገጥመው ተቀመጡ፤ ከእኔ የቀድሞ ልኬቶች እንኳ የጠሩ ነበሩ።

ምስሎቹንም ከፈትኩ። ሃውሜያ በከዋክብቱ መካከል በየቀኑ ጥቂት ትራመዳለች፤ ምስሉን ያየ ሰው ቀኑን ከእሷው ያነባል። ቀኑ ሃያ ሁለት ማታ ነበር፤ ፍንትው ያለ። ይህ ሁሉ ጊዜ እጄ ላይ ነበር። ሥራዬ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው። ለምን አልከፈትኩትም?

መልሱን አውቀዋለሁ። ጥፋት አገኘሁበት፤ ያ ጥፋትም ከሰጠኝ ቀጠሮ አዳነኝ። ያዳነኝን ነገር መመርመር አልፈለግሁም። ሆሳዕና ከነገ ወዲያ ነው።

* * *

“ወደ ደብሩ?” አለ ቻላቸው። “ሌላ ደብዳቤ ነው ወይስ ራስሽ ነሽ?”

“ራሴ ነኝ። ንዳ።”

“ተመስገን። የፖስታ ቤት ባጃጅ ሆኜ ልቀር ነበር።”

የዓርብ ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶታል። አህያ ቆማ አልነሣም ትላለች፣ ባለቤቷ ይለምናታል፣ ቻላቸው ጥሩምባውን ይነፋል። እኔ የወንበሩን ብረት ጨብጬ በልቤ ቃላት አሰናዳለሁ፤ አሰናድቼ አፈርሳለሁ።

“ቻላቸው፣ ደብዳቤውን ስትሰጠው ምን አለ?”

“ደስ አለው።”

“ምን?”

“ከሩቅ ሲያየኝ ነው የምልሽ። ፈገግ ብሎ መጣ። ‘ተሻላት?’ አለኝ። ‘በእግሯ ቆማለች’ አልኩት። ፖስታውን ሲቀበለኝ ‘መልስ ልጠብቅ?’ ስለው ‘አዎ፣ ቁም’ አለ። ከፈተው። ትንሽ አየና ‘አይ፣ ሂድ’ አለኝ።”

“ፊቱስ?”

“እኔ ፊት አላነብም፤ መንገድ ነው የማነበው።” ዞር ብሎ አየኝና ቀልዱን አቆመ። “እት አዜብ፣ እኔ ያን ቀን ባጃጄን አስነሥቼ ስመለስ፣ በመስታወት ሳየው እዚያው ቆሞ ነበር። ያው ነው የማውቀው።”

ፈገግ ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ መንገዱን አላየሁትም።

* * *

ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ለትንሣኤ የሚመታውን ከበሮ ጠፍሩን ያጠብቃሉ። ሁዳዴ ሙሉ ተሰቅሎ የከረመ ከበሮ ነው። ጎንበስ አልኩ።

“አባ፣ ይባርኩኝ።”

“እግዚአብሔር ይባርክሽ።” መስቀሉን አሳለሙኝና ወደ ጠፍሩ ተመለሱ። “በረዶ የሰማሽው ልጅ አንቺ ነሽ?”

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

“ተሳስቼ ነው አባ። ቀኑን ተሳስቼ ነው። ሰውነት የት አለ? አግኝቼው ይቅርታ…”

“የለም። ትናንት ጎሕ ሲቀድ ወጣ።” ጠፍሩን በጥርሳቸው ይዘው ሳቡ፣ ቋጠሩት። “ምን እንዳደረገ ልንገርሽ፤ ለዚህ መጥተሽ ይሆናል። እዚያ ግንቡ ሥር ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ መጥቶ ጠየቀኝ። ‘አባ፣ የጊዮርጊስ ሌሊት በረዶ ነበር እንዴ?’ አለኝ። ‘ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ አንተ ነህ ያልነበርከው’ አልኩት። ተቆጥቼው ነበራ። ዲቁና ከተቀበለ ጀምሮ ከጊዮርጊስ ሌሊት ጎድሎ አያውቅም። የዘንድሮውን የመጋቢት ጊዮርጊስ ግን ‘የታመመ ሰው ሥራ አለብኝ’ ብሎኝ እዚያ ጎጆሽ አደረ። እኔና አንድ ደካማ ካህን ብቻችንን ቆመን አነጋነው።”

ከስምንቱ ሌሊቶች ሁሉ መርጬ ሐሰት ያልኩበት ያንኑ ሌሊት ነው።

“ከዚያ ወደ አምባው ወጣ። ጣራውን ዘግቶ፣ መስታወትሽን አቧራ እንዳይነካው በገዛ ጋቢው ሸፍኖ ተመለሰ። ቁልፉን ሰጠኝ። ይኸው።”

ቁልፉን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ሞቆ ነበር።

“ትናንት ሊወጣ ሲል ‘እሺ’ አለኝ።”

“ስለ ምኑ?”

“ስለ ወገዳዋ ልጅ ነዋ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደ። ሰሙነ ሕማማትን እዚያው፣ ከልጅቱ አባት ደብር ያገለግላል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተክሊሉ ነው።”

“አባ፣ እርስዎ ስሕተቴን ካወቁ ለምን…”

“ነገርኩት እንጂ! ‘ልጅቱ ከአገር ርቃ ኖራ ማታ የማን እንደሆነ ረስታ ነው፤ ሂድና ንገራት’ አልኩት። እውነት ነው የምልሽ፤ እኔ በሐሰት ልጄን አላስቀርም።”

“ምን አለ?”

ከበሮውን ከጉልበታቸው አወረዱት። ዓይናቸው የልጃቸው ዓይን መሆኑን ገና ያኔ አየሁ።

“‘ማታውን ብትረሳ ግድ የለኝም። እኔን እንዴት ረሳችኝ?’ አለኝ።”

አለቀስኩ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ ቤተ ክርስቲያን ጥግ የሚለቀሰውን ለቅሶ አለቀስኩ።

“ወገዳ ልሂድ” አልኳቸው በመጨረሻ። “ነገ መኪና አለ።”

“መንገድ አልዘጋብሽም። ግን የሰው ቤት ነው ያለው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የልጅቱ አባት ተቀምጠው፣ አንቺ ብትደርሺ የምታዋርጂው እሱን ነው።”

“እንግዲያው እርስዎ ይላኩለት። ‘ስሕተቷን አውቃለች’ ብቻ ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አይበሉ።”

ራሳቸውን በእንቢታ ነቀነቁ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

“ልጄ፣ አንቺ ክፉ አይደለሽም። አውቃለሁ። ግን ይህን ልጅ እናቱ ከሞተች ወዲህ እኔው ነኝ ለመቅደስ ያሳደግሁት። ከእጄ ወጥቶ ነበር። ‘እንቢ’ ሊለኝ ቃል ሲያሰናዳ አይቼዋለሁ፤ እኔም ልረግመው አልቻልኩም፤ ሌሊት ሌሊት አለቅስ ነበር። አንቺ ነሽ መልሰሽ የሰጠሽኝ። አሁን ደግሞ እኔ መልሼ ልስጥሽ?”

ቁልፉን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ልሄድ ስነሣ አስቆሙኝ። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በረዶው ባይጥል፣ ቀኑን ባትስቺ፣ ለጠየቀሽ ቃል መልስሽ ምን ነበር?”

የከበሮውን ጠፍር አየሁ። ግንቡን አየሁ። ሰውነት ቆሞ ያነበበበትን ቦታ አየሁ።

“እሺ ነበር” አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። ጾሙን ሙሉ ለልጁ የነፈግሁትን ለአባቱ ሰጠሁ። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለማን እንዳዘኑ፣ ለእኔ ይሁን ለልጃቸው ወይስ ለራሳቸው፣ አላውቅም።

* * *

ኔትወርክ የሚጠራው አምባው ላይ ነው። ቻላቸው እስከሚችለው አደረሰኝ፤ የቀረውን እየቆምኩ እየተነፈስኩ ወጣሁት። ጋቢውን ከቴሌስኮፑ ላይ ማንሣት አልደፈርኩም።

መጀመሪያ ለፕሮፌሰሬ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ የለካው ሰው አንዲት ደቂቃ እንዳልሳተ፣ ስሙም ከእኔ ስም በፊት እንዲገባ። መልሱ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ተደስቷል። በጠቆረችው ጎን በኩል ያለው የብርሃን ዝቅታ ከዚህ በፊት እንዲህ ጠርቶ አላገኙትም። “ለባልደረባሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ” ይላል።

ከዚያ ቴሌግራም ከፈትኩ። ሰውነት ያለበት ቀበሌ ኔትወርክ የለም፤ ወገዳ ከተማ ሲወጣ ብቻ ነው የሚደርሰው። የጻፍኩትን ስድስት ጊዜ ደመሰስኩት። ሰባተኛው ይህ ነው፦

“ሰውነት፣ ሌሊቱ ጥርት ያለ ነበር። አንተ አይተሃል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። ስምህን መልሻለሁ፤ ይህ ግን የሥራው ነው። የራሴን ልንገርህ። ምስሎቹን ብከፍት እውነቱን አገኘው ነበር። ያልከፈትኩት ፈርቼ ነው። አንተ ጥፋተኛ ከሆንክ እኔ ቃል ከመስጠት እድናለሁ ብዬ ነው። አባትህን አግኝቻቸዋለሁ፤ አልዋሹኝም፤ አንተንም አልዋሹህም። ወገዳ አልመጣም፤ አላዋርድህም። ካገባህ ተባርከህ አግባ። ግን ይህን ሳታውቅ አታግባ። የጠየቅኸኝ ቃል እሺ ነው። እሺ ብዬሃለሁ። ሐምሌም ቢመጣ፣ የትም አልሄድም።”

ላክሁት። ከሥሩ አንዲት የመላኪያ ምልክት ታየች። አንዲት ማለት ሄዷል፣ ገና አልተነበበም ነው።

ሆሳዕና ዋለ። ምልክቷ አንድ ነበረች። ሰኞ ሕማማት ገባ። በሕማማት ሰላምታ የለም፤ ቢያነበውም አይመልስም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማክሰኞም እንዲሁ አልኩ። ስቅለት ዕለት ስግደት ላይ ሆኜ ስልኬን በነጠላዬ ሥር ነካሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ፋሲካ ሆነ። አክስቴ ጠላውን ስትቀዳ “ብቅሉ አጥሚት አጥሚት ይላል” ብላ ሰው አሳቀችብኝ። ሳቅሁ። በፋሲካው ማግሥት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ምልክቷ ሁለት ሆነች።

አንብቦታል። ወገዳ፣ ምናልባት መንገድ ዳር ቆሞ፣ ምናልባት ሽማግሌዎቹ እየጠበቁት፣ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ አንብቦታል።

ያን ምሽት ወደ አምባው ወጣሁ። ጣራውን ገለጥኩ፣ ጋቢውን አጥፌ ወንበሬ ላይ አደረግሁት፣ ሃውሜያን አገኘኋት። ሌሊት ሲለካ ስልክ በስክሪኑ ይደፋል፤ ብርሃኑ ጨለማ የለመደ ዓይን ያበላሻልና። እኔ ግን አልደፋሁትም። ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጌ ከጎኔ አኖርኩት። እሷ አንዴ ዞረች፤ ደመቀች፣ ፈዘዘች፣ ደመቀች። ሁለተኛውን ዙር ጀመረች።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ፤ የተክሊሉም ቀን አለፈ። አሁን ግንቦት ነው፤ በየሌሊቱ ስልኩን እዚያው አኖረዋለሁ። አንድም ቀን አልበራም።